ባለ ሁለት ሳህኗ ክንፋም

ሚጣ የሰው ፊት ከሐሳቧ አፍልቃ መሳል አይሆንላትም። ሠዓሊ ነኝ ብሎ ደረቱን ለሚነፋ ሰው ይህ ትንሽ የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ስለዚህ ለማንም አታወራውም። እጅ በሉ፣ ክንፍ በሉ፣ ምድጃ ላይ የሚገነፍል ወተት በሉ፣ ዓይኗን ጨፍና ትስለዋለች። ፊት ላይ ስትደርስ ግን ብሩሿ ቀጥ ይላል። ያኔ የአንዱን ዘመድ ወይም የአንዱን ጎረቤት ፊት ሳታስፈቅድ ትዋስና ሥራዋን ትቀጥላለች።

እናም እሷና ታላቅ እህቷ በሚያዘጋጁት የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ክንፋሞች ሁሉ እነሱ የሚያውቁት ሰው ፊት አላቸው። ክንፋሞቹ ከአውራ ጣት የማይበልጡ፣ የውሃ ተርብ ክንፍ ያበቀሉ፣ ሰው ቤት ተደብቀው የሚኖሩ ጉዶች ናቸው። ዘውድ የላቸው፣ በትር የላቸው፣ የማንንም ምኞት አይሞሉ። ሥራቸው የሰው ኑሮ ማበላሸት ነው። ካልሲ ነጣዩ ከጥንዱ አንዱን ብቻ ይወስዳል፤ ሁለቱንም ቢወስድ ሌባ ይባላል፣ አንዱን ሲወስድ ግን ባልና ሚስቱ እርስ በርስ ይወነጃጀላሉ። ወተት ገንፋይዋ ምድጃው ጠርዝ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ታንቀላፋለች፤ ባለቤቲቱ ዘወር ስትል ጠብቃ ነው እፍ የምትለው። መነጽር ደባቂው ደግሞ መነጽሩን ባለቤቱ ግንባር ላይ ሰክቶ፣ ሰውየው አልጋ ሥር ሲርመጠመጥ እያየ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ወተት ገንፋይዋ የአክስታቸው ፊት አላት፣ ነገር ካልገነፈለ ደስ የማይላት አክስት። መነጽር ደባቂው ከእናታቸው ፎቅ ሥር ያለው መላጣ ፋርማሲስት ነው።

ታላቂቱን ሚጣ ከልጅነቷ ጀምሮ እትዬ ነው የምትላት፤ እኛም እትዬ እንበላት። እትዬ ቀን ቀን አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ እንግዳ ተቀባይ ናት። ጉንጩን ይዞ ለሚያቃስት ሰው «ይቀመጡ፣ አሁን ይጠራሉ» ስትል ትውልና ማታ ቤቷ ገብታ ስለ ክንፋሞች ትጽፋለች። ጽፋ ለሚጣ ትልካለች፤ ሚጣ ትስላለች። በመካከላቸው ጥያቄ የለም፣ አስተያየት የለም። «ቃሉ የአንቺ፣ ፊቱ የእኔ» የሚል ሕግ አላቸው። ሕጉ የመጣው ከዓመታት በፊት በሌላ መጽሐፋቸው ውስጥ ባለች በአንዲት ዝሆን ኩምቢ ርዝመት ተጣልተው ክረምቱን ሙሉ ከተኮራረፉ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አንዷ በሌላዋ ሥራ ገብታ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ አታውቅም። ሰላም የሰፈነው በዚህ ነው፤ ጉዱም የመጣው በዚሁ ነው።

የመጀመሪያዋ ተመልካች ሁልጊዜ እናታቸው ናት። ገጹ ሲያልቅ እናት ሶፋዋ ላይ መነጽሯን አድርጋ ትቀመጥና ክንፋሙ ማን እንደሆነ ትገምታለች። ተሳስታ አታውቅም። «ይሄማ ያ መላጣ ነው! ውይ፣ ነገ ኪኒን ልገዛ ስሄድ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» እያለች እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። ሚጣ ከአሳታሚው አድናቆት ይልቅ ይህችን ሳቅ ነው የምትጠብቀው።

ክንፋሞቹ የተወለዱትም በዚያው ቤት ነው። አባታቸው የረጅም መንገድ ሹፌር ነበር። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይመጣል፣ ራቱን ይበላል፣ ሳይነጋ ይሄዳል። ሚጣ ፊቱን በቅጡ አታስታውሰውም፤ የምታስታውሰው ማታ በሌላ ሳህን ተከድኖ የሚቀመጠውን ራቱን ነው። ጠዋት ሳህኑ ባዶ ይሆናል። አንድ ጊዜ ሌሊት ነቅታ ከወጥ ቤት የማንኪያ ድምፅ ሰማች። «አባዬ መጣ!» ብላ ልትነሳ ስትል፣ እትዬ እግሯ እንደቀዘቀዘ ብርድ ልብሱ ውስጥ እየገባች ያዘቻት። «አባዬ ሄዷል። የተረፈውን የሚልሱት ክንፋሞች ናቸው። ካየሻቸው ክንፋቸው ይረግፋል፣ ተኚ» አለቻት። ሚጣ በማግስቱ እርሳስ ይዛ፣ ሳህን የሚልስ የመጀመሪያ ክንፋሟን ሳለች። ሙያዋ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው። ብዙም ሳይቆይ አባታቸው መንገድ ላይ ሞተ ተባለ፤ ክንፋሞቹ ግን ቀሩ።

መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል ሚጣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የምትሰፍረውን መታሰቢያ ራሷ ጽፋ ለአሳታሚው ላከች። «ማታ መጥቶ ራቱን በልቶ፣ ሳይቀሰቅሰን ለሚሄደው አባታችን» ትላለች። ለእትዬም አሳየቻት። እትዬ አነበበችው፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ «ጥሩ ነው» ብላ ሻይ ልታፈላ ተነሳች።

የመጨረሻዋ ክንፋም ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ሚጣ ሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት እየወጠረች ነበር፤ የውሃ ቀለም ወረቀቱን እንዳያጎብጠው አራት ጎኑን በፕላስተር መለጠፍ የዘወትር ሥራዋ ነው። በአንድ እጇ ፕላስተሩን ይዛ በሌላው ስልኳን ከፍታ አነበበች።

«ባለ ሁለት ሳህኗ ክንፋም ባል ነበራት። ጤዛ ላምጣ ብሎ በረረ፤ ጤዛው ደርቆ አለቀ፣ እሱ ግን አልተመለሰም። ባለ ሁለት ሳህኗ ይህን ለማንም አትነግርም። ማታ ማታ ሁለት ሳህን ታቀርባለች። የእሱን ጨው ትቀንስለታለች፣ ጨጓራውን ያመዋላ! ካፖርቱን በር ላይ ትሰቅላለች። ጎረቤት ሲያንኳኳ ‹ቀስ በሉ፣ ተኝቷል› ትላለች፤ ካላመኗት ትራስ ውስጥ ፊቷን ቀብራ በወፍራም ድምፅ ታንኮራፋለች። ዝናብ ባደረ ቁጥርም ጫማዎቹን ውሃ ውስጥ ነክራ ደጃፍ ላይ ትደረድራቸዋለች፣ በስብሶ ገባ እንዲባል። ልጆች ሆይ፣ ቤታችሁ ውስጥ ማንም ያልነካው ራት ካገኛችሁ አትሳቁ። እሺ፣ ትንሽ ሳቁ።»

ሚጣ ፕላስተሩ ጣቷ ላይ እንደተጣበቀ ቀረች።

የሚጣ ባል ቀያሽ ነው። ሩቅ ከተማ የመንገድ ሥራ ይዞ ሄዷል፣ ኮንትራቱ ሲያልቅ ይመጣል። እናቷ የምታውቀው ይህን ነው፣ ጎረቤትም የሚያውቀው ይህን ነው። እውነቱ ግን ባሏ ልብሱን በሻንጣ ሞልቶ ከወጣ ቆይቷል፤ የሄደውም ወደ ሥራ ሳይሆን ወደ ሌላ ሴት ነው። ካፖርቱን ብቻ ረስቶ ሄደ። ሚጣ ካፖርቱን ከበሩ ላይ ማንሳት አቃታት። ለብቻዋ ስትበላ ምግቡ ጉሮሮዋ ላይ እየቆመ ሲያስቸግራት ለእሱም ሳህን ማቅረብ ጀመረች፤ ጨውም ትቀንስለታለች፣ ጨጓራውን ስለሚያመው። አንድ እሑድ እናቷ ደውላ «መጥቷል ብለሽኝ የለ፣ እስቲ አገናኝኝ» ስትላት ጭንቅ ሲይዛት «ተኝቷል እማዬ፣ ይኸው ስሚው» ብላ ራሷ አንኮራፋችላት። እናት «አይ የኔ ልጅ፣ ደክሞታል» ብላ ስልኩን ዘጋች። ሹራብም ጀመረችለት።

ይህን ሁሉ ሚጣ የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። በእትዬ ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ ማንኮራፋቱ ላይ ስትደርስ ሳቅ እያፈናት፣ ከዚያ እያለቀሰች ነው የነገረቻት። እትዬም አቅፋት «ከእኔ አይወጣም» አለቻት።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ሚጣ ግን ስትወድቅ ደንደሱንም አላየችውም። ሰው ጠላቱ ቢያዋርደው ይሳደባል፣ ይራገማል፣ ይወጣለታል። እህት ስታደርገው ምን ይባላል? እትዬ የሚጣን መከራ ወስዳ፣ ክንፍ ሰክታለት፣ ልጆች እንዲስቁበት አድርጋ፣ ይባስ ብላ «በይ ሳዪው» ብላ ለራሷ ለሚጣ ላከችላት። የጫማው ነገር ደግሞ ነደዳት። ጫማ ነክራ አታውቅም! ባሏ አንድ ጫማ አልተወላትም፣ ምኑን ትነክረዋለች? ሚጣ የነገረቻት ያነሰ ይመስል እትዬ ከራሷ ጨምራ አሳብዳታለች።

ደውላ መጮህ ትችል ነበር። ሌላ ቤት ቢሆን ነገሩ እዚያው ላይ ይፈታል፤ ሁለት ኃይለ ቃል፣ አንድ ለቅሶ፣ አለቀ። በእነሱ ሕግ ግን ቃሉ የእትዬ ነው፣ አይጠየቅም። ሚጣም በልቧ «እሺ እትዬ። ቃሉ የአንቺ፣ ፊቱ የእኔ አይደል?» አለችና መስታወቷን ከግድግዳው አውርዳ መብራቱ ሥር አቆመችው።

የራሷን ፊት ሳለች። ግራ ቅንድቧ ላይ ያለችውን ጠባሳ አልዘለለችም፣ ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥላ በሰማያዊና በቡናማ ደርባ አስገባችው። ወጥ ቤቱንም የራሷን ወጥ ቤት አደረገችው፤ ክዳኑ የተሰበረው ሰማያዊ ማንቆርቆሪያ፣ ስንጥቁ በፕላስተር የታሸገው መስኮት፣ በሩ ላይ የተሰቀለው፣ ሁለተኛ ቁልፉ የጎደለ ካፖርት። ጫማዎቹን ግን ከሐሳቧ ፈጠረቻቸው። ሐሳቧ ግልጽ ነበር። እናት ይህን ገጽ ስታይ ወዲያው «ይቺማ ሚጣ ናት!» ትላለች። ምስጢሩ መውጣቱ ካልቀረ ምስጢር አውጪዋ እትዬ በእናቷ ፊት፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ታፍራለች። ሚጣ ለራሷ ገመና አልሳሳችም፤ እህቷን ያቃጥልላት እንጂ ቤቱ ቢቃጠል ግድ አልነበራትም።

ሥዕሉን ስትልክ ከእትዬ አንዲት ቃል አልመጣችም። የአሳታሚው አርታኢ ግን ደወለ። «ከመጽሐፉ ሁሉ ይሄ ገጽ ነው! ቢሮው በሙሉ በሳቅ ሞተ። በተለይ ማንኮራፋቷ!» አላት። ሚጣ «አመሰግናለሁ» አለችና ስልኩን ከዘጋች በኋላ ውሃ ያለበትን የብሩሽ ማጠቢያ ጣሳ ግድግዳው ላይ ወረወረችው። ከዚያ ቁጭ ብላ ጠረገችው፣ የሚጠርግላት ሌላ ሰው ስለሌለ።

የሙከራ ቅጂው ተጠርዞ በመጣ በሳምንቱ መጨረሻ ሁለቱም እናታቸው ቤት ተገናኙ። ሚጣ ከእትዬ ራቅ ብላ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። እትዬ በአንድ ወገን የሚታኘክ ነገር እንዳለባት ሁሉ ጉንጯን ትነክሳለች። እናት ሹራቡን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለተኛውን እጅጌ ስትሠራ ነበር፤ መጽሐፉን ስታይ መርፌዎቹን የክሩ ኳስ ላይ ሰካችና መነጽሯን ፈለገች። ግንባሯ ላይ ነበር።

«ያ መላጣ ነው የደበቀብኝ!» ብላ ገና ከመነሻው ሳቀች።

የመታሰቢያውን ገጽ ጣቷን ምላሷ ላይ አርሳ በችኮላ ገልጣ አለፈችው፤ ሚጣ ይህን ልብ አላለችም። ከዚያ ክንፋሞቹን አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። ካልሲ ነጣዩን ባወቀችው ጊዜ ሶፋውን በመዳፏ ደበደበችው። አክስታቸውን ስታይ «ይቺን እንዳታሳዩዋት፣ ከሳሽ ናት» አለች። ሚጣ አብራ ለመሳቅ ሞከረች፣ ልቧ ግን ከገጹ ቀድሞ መጨረሻው ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

እናት ባለ ሁለት ሳህኗ ላይ ደረሰች። ልማዷ ነውና ሥዕሉን በመዳፏ ሸፍና በመጀመሪያ ጽሑፉን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ሁለቱ ሳህኖች ላይ ድምፅዋ ቀነሰ። ጨው ላይ ቆም አለች። ጫማዎቹ ላይ ስትደርስ የተነበበው ከከንፈሯ አላለፈም።

ሚጣ «አሁን» አለች በልቧ። እናት ግን ወደ እሷ አልዞረችም። ቀና ብላ ያየችው እትዬን ነው።

«የጫማውን ነገር ለማንም አልናገርም ብለሽኝ አልነበር?»

እትዬ አንገቷን ደፋች። «ብዬሽ ነበር፣ እማዬ።»

«እናቴ ትሙት ብለሽ ነው የማልሽልኝ። ይኸው አለሁ፣ ዕድሜ ለጠባቂዬ!»

«የምን ጫማ?» አለች ሚጣ። ማንም አልመለሰላትም። «የምን ጫማ ነው እማዬ? የማን?»

እናት መነጽሯን አወለቀች። ሳታወልቀው የማትናገረው ነገር መሆኑን ሚጣ አወቀች።

«የአባትሽ» አለች። «እየነከርኩ ደጃፍ ላይ የማደርገው እኔ ነበርኩ። ጎረቤት እንዲያይ፣ አንቺም ጠዋት እንድታይ። አባትሽ ጥሎን የሄደው አንቺ ገና ድክ ድክ ስትይ ነው። ሌላ ቤት ነበረው።»

«ይመጣ ነበር እኮ! ማታ ማታ እየመጣ…»

«አልመጣም።»

«ሞተ ብለሽ አለቀስን!»

«ሞቱ እውነት ነው። መምጣቱ ነው ውሸቱ።»

ሚጣ የተከደነውን ሳህን በዓይነ ሕሊናዋ አየችው፤ ከዚያ ጠዋት ባዶ የሆነውን። ይህን እንኳ ማንም ሊወስድባት አይችልም። «ራቱ ይበላ ነበር» አለች። «በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሳህኑ ባዶ ነበር። ማን ነው ታዲያ የሚበላው?»

«እኔ» አለች እትዬ።



«እማዬ ሊዋጥላት አልቻለም፣ መድፋት ደግሞ ነውር ነበር» አለች እትዬ። «አንድ ቀን ጫማውን ስትነክር ደረስኩባት። ከዚያ ጀምሮ አንቺ ስትተኚ እየተነሳሁ እበላው ነበር። አንድ ሌሊት ነቃሽብኝ። አባዬ መጣ ብለሽ ልትሮጪ ስትይ ምን ልበልሽ? አፌ ላይ የመጣልኝ ክንፋሞች ናቸው የሚለው ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ያደረ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ሳታውቅ ያደገችው ሚጣ ብቻ ነበረች። ይህም ይሁን፤ ለልጅ ይዋሻል፣ ልጅን ማባበል ያለ ነው። ግን ልጅነቷ ካለፈ ስንት ዘመኑ! እሷ ክንፋም እየሳለች ጎልማሳ ሆናለች። ብሩሽ በያዘች ቁጥር የምትመለሰው ወደዚያ የማንኪያ ድምፅ ነበር፣ ከአባቷ ወደ ቀረላት የመጨረሻ ድምፅ። ድምፁ የእህቷ ማንኪያ ኖሯል።

እናት የሚጣን ፊት ማየት ሲከብዳት ወደ መጽሐፉ ተመለሰች። መነጽሯን አደረገች፣ ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች እንደገና አነበበችው። «ካፖርት እኔ ሰቅዬ አላውቅም» አለች፣ ለራሷ የምታወራ ያህል ዝግ ብላ። «ማንኮራፋቱም የእኔ አይደለም። እኔ መች አንኮራፋሁ?» ያኔ ነው መዳፏን ከሥዕሉ ላይ ያነሳችው።

ሰማያዊውን ማንቆርቆሪያ አየች። ክዳኑን የሰበረችው እሷው ናት፣ አምና ልትጠይቃት ሄዳ ሻይ ስትቀዳ። መስኮቱን አየች። ካፖርቱን ስታይ «ሁለተኛውን ቁልፍ ልትክልለት ቃል ገብቼ ነበር» አለች። ከዚያ ጠባሳዋን አየች፣ ያቺን ቅንድብ በልጅነቷ ራሷ ደሙን ጠርጋ ያሰረችላትን። እናት በግምት ተሳስታ አታውቅም።

«ሚጣ» አለች። «ያን ዕለት በስልክ ያንኮራፋው ማን ነው?»

የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል፤ እትዬን ለማቃጠል የለኮሰችው እሳት ዞሮ የራሷን ቀሚስ ያዘው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፣ የእሷን ግን ብሩሽ አወጣው። ጽሑፉ ላይ ስሟ አልነበረም። የተሰነጠቀውን መስኮት፣ ጠባሳውን፣ ማንቆርቆሪያውን ያስገባችው እሷ ናት። ዝም ብላ የአክስቷን ፊት ብትለጥፍበት ኖሮ እናት ስለ ነከረችው ጫማ አልቅሳ፣ ማንኮራፋቱን እንደ ቀልድ አልፋው ነበር።

«ከመቼ ወዲህ?» አለች እናት።

«ቆየ» አለች ሚጣ።

እናት ሹራቡን አየችው። ረጅም ነው፣ ትከሻው ሰፊ ነው፣ ለማንም የማይሆን ነው። «ታዲያ ይሄን ግንድ የሚያክል ነገር ለማን ነው የምሠራው?» አለች፤ ሳቅና ለቅሶ ተጋፍተው ድምፅዋን ሰበሩት። «ጨርሼ እኔው እለብሰዋለሁ። ወንድ በገባ በወጣ ቁጥር ክር አላባክንም።»

ሚጣ ወደ እትዬ ዞረች። «የእኔንም የእማዬንም ሰርቀሽ አንድ ላይ ሰፋሽው።»

«ሰፋሁት» አለች እትዬ፤ አልካደችም። «ስለ ሳህኑ፣ ስለ ጨው ስትነግሪኝ ሰውነቴን ወረረኝ፤ እማዬም የአባዬን ራት ጨው ትቀንስ ነበር። የእማዬን ነገር ነጥብ ሳትስቺ ትደግሚው ነበር፣ ምንም ሳታውቂ። ልነግርሽ ፈለግሁ፣ አፌ አልታዘዝልኝ አለ። ስጽፈው ቀለለኝ። ጫማውን ስታነቢ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነበር።»

«አንጠያየቅም እኮ!»

«አዎ። የላክሽውን ሥዕል ሳይ ደግሞ በገዛ ፊትሽ ለእማዬ ልትነግሪያት የወሰንሽ መሰለኝ። ከእኔ ትሻላለች፣ ደፋር ናት አልኩ።»

ደፋር! ሚጣ ቢሆንላት ይህችን ቃል መልሳ ጉሮሮዋ ውስጥ ብትሰነቅርላት ደስ ባላት። ያቆሰላት ግን ባለ ሁለት ሳህኗ አልነበረችም፤ ያንን እንደ ደረሰባት መከራ ትችለው ነበር። መጽሐፉን ከእናቷ ጭን ላይ ነጥቃ መጀመሪያውን ገጽ ገለጠችው።

«ይሄን ሳሳይሽ ‹ጥሩ ነው› አልሽኝ» አለች። «ማታ መጥቶ ራቱን በልቶ። እየሰማሽ፣ እያወቅሽ፣ በስንት ሺህ ቅጂ ሊታተም መሆኑን እያወቅሽ፣ ጥሩ ነው ብለሽኝ ሻይ አፈላሽ። ክንፋሞቹን በሌሊት ስትፈጥሪልኝ ልጅ ነበርሽ፣ እሺ። ያን ቀን ግን ልጅ አልነበርሽም፣ እትዬ።»

እትዬ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ገልብጣ አስቀመጠች፣ እንደ ተያዘ ሰው።

ሚጣ ከቦርሳዋ እርሳስ አወጣች። ሕጉ ቃሉ የእትዬ ነው ይላል፤ ከእንግዲህ የሚያከብረው ያክብረው። የመታሰቢያውን መስመር ወረቀቱ እስኪላጥ ድረስ አጥብቃ ሰረዘችው። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል ጽፋ፣ እትዬ እንድታነበው መጽሐፉን ፊቷ ላይ ዘረጋችው።

«የአባቴን ራት ለበላችው እህቴ።»

እናት አንገቷን አስግጋ አነበበችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። እትዬ አተኩራ አየችው። አልተቆጣችም፣ ፋቂው አላለችም። ሁልጊዜ ሥዕል ስታይ እንደምታደርገው ጭንቅላቷን ወደ ጎን ዘንበል አደረገች፤ ከዚያ ሚጣ ከሕፃንነቷ በኋላ ሰምታው በማታውቀው በቀጭን የልጅ ድምፅ ተናገረች።

«ጨው እኮ አልነበረውም፣ ሚጣ።»